አህያዋ ከተበላች ማን ነገረን?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ለስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ተረት አወራሁላት። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ «ዝናብ የጠፋው በኃጢአታችን ነውና እንናዘዝ» ተባባሉ። ሦስቱ አውሬዎች የበሉትን ሰውና ከብት ቢቆጥሩም «ይህማ ኃጢአት አይደለም» ተባባሉ። አህያዋ ጌታዋ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መጋጧን ተናገረች፤ «ጥፋቱ የአንቺ ነው» ብለው በሏት። ልጅቷ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ጋሼ፣ አህያዋ ከተበላች ታዲያ ይሄን ማን ነገረህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ፊርማ ከፊርማ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ፤ «ይህ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንጀራዬ ነው። ተረቱ የማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ጥያቄው በአገራችን ትምህርት ጥንትም ነበረ፤ የተቀመጠው ግን ከልጆች ርቆ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት ይደግማል። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ዘወትር «እኔ» የሚል መጽሐፍ ነው፤ ልጁ የሌላ ሰው ልቅሶና ምስጋና በራሱ አፍ እያለ ያድጋል፤ ያውም ትርጉሙን በማይረዳው ግእዝ። ያ «እኔ» ማን እንደሆነ የሚነገረው ከብዙ ዓመት በኋላ መጽሐፍ ቤት ለሚደርሱ ጥቂቶች ነው። በዚያ የአንድምታው መምህር መዝሙሩ ስለ ማን እንደተነገረ ይለያል፦ ዳዊት ስለ ራሱ ነው? ስለ ሕዝቅያስ? ወይስ ወደ ባቢሎን ስለ ተማረኩት? እንዲህ ያለ ስል ጥያቄ ጢም ላበቀለ ብቻ መቀመጡ ይቆጨኛል።

ምድጃ ዳር የሚቀመጡ አያቶች የተሻሉ ነበሩ። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ፤ ሲያበቁ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። «ተረቴን» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል! ተረቱ ባለቤት አለው፤ የሚናገረው አፍ አለ፤ አፉም ዳቦ ያምረዋል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ይህን ወግ ወደ መስኮቱ ያሻገሩት በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ናቸው። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን በመድረክ ላይ ሴት ሆነው የተጫወቱ ሰው ነበሩና በሌላ አፍ መናገርን ያውቁበታል። ለተመልካቹ ልጅ ተራኪው ፊት ያለው፣ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነበር።

በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን ተራኪው ፊቱን አጣ። እኔ ስማር ከምንባቡ ሥር የሚመጣው ጥያቄ «ጅቡ ምን አደረገ?» ነበር፤ «ይህን የሚለን ማነው?» የሚል አላስታውስም። «አንጻር» የሚለውን የሥነ ጽሑፍ ቃል የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

የሚገርመው፣ ቋንቋችን ለዚህ ትምህርት የተመቸ መሆኑ ነው። «አያ ጅቦ ጾመኛ ነኝ ይላል» ስንል «ነኝ» ባዩ ተራኪው አይደለም፤ ጅቡ ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ «እሱ ጾመኛ እንደሆነ ይናገራል» ወደሚል መልክ ያዞረዋል፤ አማርኛ ግን የጅቡን «እኔ» ሳይነካ በተራኪው አፍ ያኖረዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ስትናገር አትሳሳትም። የቀረው ሁለት ጥያቄ መጨመር ነው፦ «ነኝ» ያለው ማነው? መጾሙንስ ማን አየ?

እሑድ ማታ ያንኑ ተረት እንደ ጅብ ሆና እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። «እኔ ጅብ ነኝ። ያን ቀን ብዙም አልራበኝም ነበር» ብላ ጀመረች፤ ጥፋቱን ሁሉ በአንበሳው ላይ አላከከች። ቀጥላ አህያ ሆነች። ሣሩ ትንሽ እንደነበር፣ ጌታዋም ወሬ አብዝቶ እንዳስራባት ተናገረች። አውሬዎቹ ሲነሡ ግን ድንገት አቆመች።

«ከዚህ በኋላ እኔ መናገር አልችልም» አለችኝ፤ «አንተ ጨርሰው።»