የፈረሰው ጣቢያ

አገር ለማየት የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «በዚህ ከተማ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፥ በነብራስካ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ኖርዝ ፕላት በሄድሁ ጊዜ ይህንኑ ጠየቅሁ። ከተማዪቱ በ1866 የዩኒየን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የነዋሪዎቿም ቁጥር ከ24 ሺህ አይበልጥም።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ቡፋሎ ቢል እየተባለ የሚጠራው ዊልያም ኮዲ በ1886 ያሠራውን ቤት ነው። ኮዲ የግልቢያና የተኩስ ትርኢቱን ይዞ አሜሪካንና አውሮፓን የዞረ ሰው ነው። ቤቱ መልካም ቤት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ቀጥሎ ወደ ቤይሊ የፉርጎ መለያ ግቢ ወሰዱኝ። የግቢው ርዝመት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዓለም ካሉት ሁሉ ይበልጣል። በ2008 ከተከፈተው ባለ ስምንት ፎቅ ግንብ ላይ ሆኖ ሥራውን ማየት ይቻላል። ባቡሩ ፉርጎዎቹን ቀስ እያለ ወደ አንድ ጉብታ ይገፋቸዋል፤ ከጫፉ ሲደርሱ ይፈቱና በገዛ ክብደታቸው ቁልቁል ይንከባለላሉ፤ ከታች ያለው መቀየሪያም እያንዳንዱን ወደሚሄድበት አገር ሐዲድ ይመራዋል። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ይህን ለእንግዳ ሲያስረዱ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል። ግንቡን «የወርቅ ችንካር ግንብ» ብለውታል፤ ይሁን እንጂ ያ የታወቀው የወርቅ ችንካር በ1869 የተመታው ከዚህ እጅግ ርቆ በዩታ ነው። ይህች ከተማ ግን ክብር ከሌላ ቦታ መበደር አያስፈልጋትም ነበር።

የኖርዝ ፕላት ታላቁ ቅርስ ዛሬ የሌለው የመንገደኞች ጣቢያ ነው። ከ1971 ወዲህ በከተማዪቱ መንገደኛ የሚያወርድ ባቡር አልቆመም፤ ሕንፃውም በ1973 ፈረሰ። በቦታው የመታሰቢያ ጽሑፍ አንብቤ ተመለስሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሐርበርን መታች፥ አሜሪካም ወደ ጦርነቱ ገባች። ከዐሥር ቀን በኋላ የነብራስካ ብሔራዊ ዘብ «ዲ» ሻምበል በባቡር ያልፋል የሚል ወሬ ተሰማ። ልጆቻችን ናቸው ብሎ 500 ያህል ሰው ምግብና ስጦታ ይዞ ጣቢያው ላይ ቆመ። ባቡሩ ሲደርስ ግን በውስጡ የተገኙት የካንሳስ ልጆች ሆኑ፤ ለካ የእነርሱም ሻምበል «ዲ» ይባል ኖሯል! ሕዝቡ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ለገዛ ልጁ ያመጣውን ሁሉ ለእንግዶቹ ሰጣቸው።

ከቆሙት መካከል ሬይ ዊልሰን የምትባል፥ ወንድሟ ያንን የቀረውን ሻምበል የሚያዝ ወጣት ሴት ነበረች። በማግስቱ ለከተማው ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፋ፥ የማንም ልጅ ይሁን፥ የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ እንዲሁ እንቀበል ስትል አሳሰበች። ሥራው በዲሴምበር 25 ተጀመረ። የምድር ባቡሩ ፕሬዚዳንት ዊልያም ጄፈርስ በዚያችው ከተማ የተወለደ ነበርና የጣቢያውን የምግብ ክፍል ፈቀደላቸው።

የእንፋሎት ባቡር ውሃና ቅባት ስለሚያስፈልገው በጣቢያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆማል። ወታደሩ በዚህች ጊዜ ሮጦ ወርዶ ቡናውን፥ ዳቦውን፥ የተቀቀለ ዕንቁላሉን ይወስዳል፤ የልደቱ ቀን የሆነለትም ሙሉ ኬክ ይሰጠዋል። ስኳርና ቡና፥ ቤንዚንም በራሽን የሚገኙበት ዘመን ስለ ነበር ኬኩ የሚጋገረው ሴቶቹ ከየቤታቸው ድርሻ በቀነሱት ስኳር ነው። ከ125 ከተሞችና መንደሮች የመጡ 55 ሺህ ያህል ሰዎች ተራ እየገቡ ያለ ደመወዝ ሠሩ። ፕሬዚዳንት ሮዝቬልትም 5 ዶላር ልከዋል። እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 1946 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ወታደር አስተናገዱ፤ ከተማዪቱ ግን በዚያን ጊዜ 12 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ነበራት። አንዲት እናት የልጅዋን የሞት ቴሌግራም ከተቀበለች በኋላ፥ የራሴን ልጅ መርዳት ባልችል የሌላውን ልጅ እረዳለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች ይባላል።

ይህን ብቻ ጽፌ ብተው እናንተን ወጣቶቹን እንዳታለልሁ ይቈጠርብኛል። በጁላይ 1929 በዚችው ኖርዝ ፕላት አንድ ጥቁር ሰው አንድ ፖሊስ ገደለ፤ ራሱም በዚያው ቀን ሞተ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሰዎች ተሰብስበው፥ ምንም ያላደረጉትን ጥቁር ነዋሪዎች ከተማውን ለቃችሁ ውጡ አሏቸው፤ ብዙ ቤተሰብም ቤቱን ትቶ ወጣ። ኋላ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ እስከ ካንሳሶቹ ባቡር ድረስ ያለው ጊዜ 12 ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። በ1941 ዳቦ ይዘው ከቆሙት መካከል በ1929 የጎረቤታቸውን በር የመታ አንድም አልነበረም ብሎ የሚምል ማን ነው? እኔ አልምልም። ግንቡን የሚያሳየኝ ሰው ይህንንም ቢያሳየኝ ከተማዪቱን ባከበርኋት እንጂ ባልናቅኋት ነበር፤ ጥላቻውንም ደግነቱንም የሠሩት እነዚያው እጆች ሊሆኑ ይችላሉና፥ ያንዱን ታሪክ ደብቆ ሌላውን ማወቅ አይቻልም።

በጁን 2018 700 ያህል የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ከዋዮሚንግ ልምምድ በአውቶቡስ ሲመለሱ በኖርዝ ፕላት አቋርጠው ነበር። ጣቢያው ከፈረሰ 45 ዓመት ሆኖታል። የከተማው ሰው ግን አዳራሽ አሰናድቶ፥ ምግብ አቅርቦ ጠበቃቸው። ከአውቶቡሶቹ የወረዱት ልጆች የአርካንሳስ ልጆች ነበሩ።