የሚነዝር ድምፅ፦ ከበገና እንዚራ እስከ ጊታር ቲዩብ

ስለ ቅኔና ስለ ልቦለድ ማውጋት የለመደ ሰው ስለ አንድ የተቃጠለ ብርጭቆ ሊጽፍ ቢነሣ እንግዳ ነገር ይመስላል። ውድ አንባቢያን ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ብርጭቆው ወደ ቤታችን ይመልሰናል።

ነገሩ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። እኔ የምኖረው ቢቸና ነው፤ ቀን ባንክ ውስጥ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ ማታ የራሴን ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ሞጣ ያለው ወዳጄ ደግሞ ጊታር መቺ ነው፤ እንጀራውም ሠርግ ነው። አንድ ምሽት ደወለና፣ «ወንድምዓለም፣ ማጉያዬ ድዳ ሆነችብኝ። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ካልተናገረች የዘንድሮው ሠርግ አመለጠኝ» አለኝ። ጾሙ ሲፈታ የሠርጉ ወራት ይከፈታል። ለገበሬ በሬው ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ያቺ ማጉያ ለወዳጄ ምን እንደነበረች ያውቃል።

በሚቀጥለው እሑድ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። ማጉያዋ ውጭ ሀገር ያለ ዘመዱ የላከለት፣ ባለ ቲዩብ የምትባለው ዓይነት ናት። ቀድሞ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አንድ አዛውንት ጀርባዋን ፈቱልን። ሦስት ትናንሽና ሁለት ረዘም ያሉ የብርጭቆ ቲዩቦች ተደርድረዋል። ከትልልቆቹ የአንደኛው ውስጥ፣ ብርማ መሆን የሚገባው ቀለም እንደ ወተት ነጥቷል። አዛውንቱ አንገታቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጆቼ፣ ይሄ አየር ገብቶታል። አየር የገባው ቲዩብ ነፍሱ የወጣ ነው» አሉን። እጃችንን ወደ ውስጥ ልንሰድ ስንልም ቆጣ ብለው፣ «ከሶኬት ተነቅሏል ብላችሁ እንዳትዳፈሩ! በሆዷ ያጠራቀመችው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል» ሲሉ አስጠነቀቁን።

ለመሆኑ ቲዩብ ምንድን ነው? አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ብርጭቆ ነው። በውስጡ የጋለ ብረት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በመካከል ያለች እንደ ወንፊት የቀጠነች ሽቦ ደግሞ የኤሌክትሮኑን መንገድ ታሰፋለች፣ ታጠባለች። ደካማው የጊታር ድምፅ ወደ ወንፊቷ ሲገባ፣ ብርቱው የኤሌክትሪክ ጅረት እርሱን መስሎ ይወጣል። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የመጀመሪያውን ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ወንፊቷን ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውም፣ የሸክላ ማጫወቻውም፣ የመድረኩ ማጉያም በዚህ ብርጭቆ ነፍስ ዘሩ።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበርንም። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ሲሰማ፣ ድምፁን ያሻገረው የሚግል ብርጭቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ትራንዚስተር ተፈለሰፈና ሬዲዮ ከገበሬ ክንድ ሥር የሚገባ ዕቃ ሆነ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው፣ የዲማን ታሪክ የዲማ ጎረቤት የሆነችው ቢቸና ከትንሿ ሬዲዮ ሰማችው።

የጊታር ማጉያ ግን ቲዩቡን አልለቀቀም። ለምን? ምክንያቱ ጉድለቱ ነው። ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ በዚህም በዋናው ድምፅ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይደረባሉ። ጊታሩ ይሻክራል፣ ይረዝማል፣ ያጉረመርማል። መጀመሪያ እንደ ብልሽት የታየው ኋላ ተወዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኪንክስ የሚባለው የለንደን ባንድ ጊታር መቺ ዴቭ ዴቪስ ይህን ሻካራ ድምፅ ፍለጋ የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ እስከ መተልተል ደርሷል። የከበሮ ነጋዴ የነበረው ጂም ማርሻል በዚያው ከተማ በ1962 የጀመረው ማጉያም በዚህ ድምፅ ስሙ ገነነ። በኋላ የመጡት ጌይናቸው የበዛ ማጉያዎች ደግሞ ትናንሾቹን ቲዩቦች በተርታ አሰልፈው፣ አንዱ ያጎላውን ሌላው እንዲያጎላው አደረጉ። የወዳጄ ማጉያ ከእነዚህ ወገን ናት።

በአዲስ አበባም ኤሌክትሪክ ጊታር ከነሐስ መሣሪያው ጎን የቆመበት ወርቃማ ዘመን ያኔ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በራሱ ስም የሸክላ ማሳተሚያ ከፍቶ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አወጣ። ማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1967 ዓ.ም. ሲቀዳ፣ ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሰዓት እላፊው የምሽቱን መድረክ አጠበበው፤ ቀጥሎም ኪቦርድ መጥቶ የባንዱን ሁሉ ሥራ ብቻውን ልሥራ አለ። ከዚያ ትውልድ ድምፅ ፍቅር የያዘው ወዳጄ፣ ከኪቦርዱ ዘመን በኋላ ተወልዶ ሳለ ጊታሩን አልጥልም ብሎ የቀረ ነው።

ሆኖም ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። የሻከረ ድምፅ የምዕራባውያን ፈሊጥ ከሆነ እኛን ለምን ይነካናል? መልሱን ያገኘሁት ቢቸና፣ ከጎረቤቴ ከየኔታ ደጅ ነው። ጾም በገባ ቁጥር በገናቸውን ያወርዳሉ። በዚያ ምሽት አውታሩን ሲያስተካክሉ ደረስኩ። የበገና ዐሥር አውታር ከበግ አንጀት ይሠራል፤ አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ይነዝራል፤ በገናን በገና የሚያሰኘው ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ከዚያ ይወጣል። የኔታ ቆዳዋን በጣታቸው ገፋ፣ ሳብ እያደረጉ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ቆዳዋ ጥቂት ወደዚህ ብትሄድ አውታሩ ይታፈናል፣ ጥቂት ወደዚያ ብትሄድ ጥርት ብሎ ባዶ ይሆናል።

«የኔታ፣ ቆዳው ባይገባስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያለ እንዚራማ በገናው ይናገራል እንጂ አያለቅስም» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ እኛ በድምፅ ላይ ንዝረት መደረብን የምናውቀው ኤሌክትሪክ ሳይኖር ነው! የዓለሙ አጋን በገና በ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 11 የሰማ የውጭ ሰው የሚደነቀው በዚያው ንዝረት ነው። እንዚራም ቲዩብም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ንጹሑን ድምፅ ጥቂት ይቧጭሩታል፣ በጭረቱም ሰው ሰው እንዲሸት ያደርጉታል።

ወዳጄ ግን በዚህ መሐል ቸኩሏል። ውጭ ላለው ዘመዱ «ኃይለኛውን ላክልኝ» ብሎታል። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ዛሬ የጊታር ቲዩብ በብዛት ሲሠራ የኖረው በሦስት ሀገሮች ብቻ ነው፤ በሩሲያ፣ በቻይናና በስሎቫኪያ። በዚያው መጋቢት ወር፣ ጦርነቱን ተከትሎ ሩሲያ ብዙ ዕቃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል በሳራቶቭ ከተማ የሚሠሩት ቲዩቦች መንገድ ላይ ቆሙ። ዋጋ ናረ፣ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። በዩክሬን የተተኮሰ ጥይት የሞጣን ሠርግ ሊያስተጓጉል ነው ብዬ ተገረምኩ። ዘመድየው በመጨረሻ የስሎቫኪያውን አግኝቶ ሰደደልን፤ ዕቃው የደረሰን በሰሙነ ሕማማት ነው።

አስገብተን ስናበራት ማጉያዋ እንደ ቃጭል ጮኸች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ ሆነ። አዛውንቱ ግን ረጋ ብለው የምርጫውን ሥርዓት አስተማሩን። ትናንሾቹ ኢ.ሲ.ሲ. 83 ይባላሉ፤ የማጉላት መጠናቸው 100 ነው። በዚያው ሶኬት ላይ የሚቀመጥ፣ መጠኑ 60 ወይም 20 ብቻ የሆነ ወንድምም አላቸው። ስለዚህ ሶኬቱ ስለተቀበለው ብቻ ቲዩቡ ትክክለኛው ነው አይባልም። ጊታሩ መጀመሪያ የሚገባበት ቲዩብ ከሁሉ ዝምተኛው መሆን አለበት፤ እርሱ ያመጣውን ጉርምርምታ ተከታዮቹ ሁሉ ያባዙታልና። አዛውንቱ ማጉያዋን እንዳበሩ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ጫፍ ቆርቆር አደረጉ። ቃጭሉ ከመጀመሪያው ቲዩብ ውስጥ ነበር። አጥፍተው፣ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ያንን ወደ መጨረሻው ቦታ አዛወሩት፤ የመጨረሻውን ወደ ፊት አመጡት። ጩኸቱ ጠፋ። ምንም አልጣልንም፣ ምንም አልጨመርንም፤ ቦታ ብቻ አለዋወጥን። በዚያች ቅጽበት የኔታ እንዚራዋን ገፋ ሲያደርጓት ታዩኝ።

ትልልቆቹ፣ ኢ.ኤል. 34 የሚባሉት፣ ደግሞ በጥንድ ይለወጣሉ። የሞተው አንዱ ነው ተብሎ አንዱን ብቻ መተካት፣ ጎበዝ በሬ ከደካማ ጋር እንደ መጥመድ ነው፤ ቀንበሩ ያጋድላል። ለዚህ ነው ፋብሪካውም ሻጩም መዝነው የሚያጣምሯቸው። ከተተኩም በኋላ ድምፅ በሌለበት ሰዓት የሚፈስባቸውን ጅረት መለካት ግድ ነው። ከበዛ ብረታቸው ፍም መስሎ በቶሎ ይሞታሉ፤ ካነሰ ደግሞ ድምፁ ይደርቃል። አዛውንቱ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ይህን ሲለኩ፣ እኔ ባትሪ ይዤ አበራ ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሠርግ ሞጣ ተገኘሁ። ወዳጄ በትዝታ ቅኝት አንድ ረጅም ድምፅ አውጥቶ እንዲያጉረመርም ተወው። እስክስታ ወራጁ ዞር ብሎ አላየም፤ ሙሽሮቹም ስለ ሳራቶቭና ስለ ስሎቫኪያ የሚያውቁት አልነበረም። ጥግ ላይ የተቀመጡት አዛውንት ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

በባንክ ሥራዬ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ፤ ያረጀ ብር ይሰበሰባል፣ በአዲስ ይተካል፣ ዋጋው ግን ይቀጥላል። የድምፅም ነገር እንዲሁ ይመስለኛል። የበግ አንጀት ይበጠሳል፣ ቆዳው ያልቃል፣ ብርጭቆው አየር ይገባዋል። የሚጠፋው ድምፅ፣ ዕቃው ያረጀበት ድምፅ አይደለም፤ ዕቃው ሲያረጅ ጆሮውን አዘንብሎ ተተኪውን የሚመርጥ ሰው ያጣ ድምፅ ነው። ከሠርጉ ስመለስ በመኪና ላይ የጻፍኳት ሁለት መስመር እነሆ፦

ጅማት ቢበጠስም፣ ብርጭቆ ቢነቃ፣
ዜማ ይሻገራል እየለወጠ ዕቃ።

ቸር እንሰንብት።