ጥለት፣ ዳንቴልና ላስቲክ፦ ከልብሳችን ዳር የሚነበብ ታሪክ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታት ካባ ብዙ ይላሉ፤ ካባውን ስለሰፋው እጅ ግን ዝም ነው። ለመሆኑ ታሪክ በዘመቻና በዘውድ ብቻ ይለካል ያለው ማነው? እኛ እስቲ ከልብስ ዳር እንነሳ። ትንሽ ነገር ናት እንዳይባል፣ ንግዱም ማዕርጉም ንቀቱም እዚያችው ላይ ይገኛሉ።

በጥለት እንጀምር። ጥለት ከሸማው ጋር አብሮ በድርና በማግ ይሠራል። ቀለም ያለው ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል እንደነበር የውጭ አገር መንገደኞች ጽፈዋል። ባለ ቀይ ጥለቱ ጃኖም የመኳንንት ልብስ ነበር። ደግሞም ጥለት ይናገራል፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ያደረገች ሴት ሐዘን እንዳለባት ሳትነግረን እናውቃለን።

ታዲያ ይህን ያደረገው ሸማኔ ምን ተባለ? «ቁጢት በጣሽ»! ሥራውን «ጥበብ» ብለን እየለበስን ሠሪውን ሰደብነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ በአንድ ቀን ወጣ፤ ስድቡ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም።

ዳንቴልና ላስቲክ የመጡት በሌላ መንገድ ነው። ዳንቴል ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጥርስ» ከሚለው ቃል የወጣ። ላስቲክ የሚገባበት ሙታንታና ካልሲም ስማቸው ከጣሊያንኛ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በቬኒስና በፍላንደርስ ዳንቴል የእጅ ሥራ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት በ1809 እ.ኤ.አ. የዳንቴል መረብ የሚሠራ መኪና አስመዘገበ። በ1816 እ.ኤ.አ. የተቆጡ ሰዎች ላፍቦሮ የነበረውን ፋብሪካውን ገብተው 55 መኪናዎች ሰባበሩበት። ላስቲክም የራሱ ጣጣ ነበረው። ቶማስ ሃንኮክ በ1820 እ.ኤ.አ. ጎማን ለጓንትና ለካልሲ ማጥበቂያ አዋለው፤ ያ ጎማ ግን በሙቀት ይጣበቃል፣ በብርድ ይደርቃል። ደህና የሆነው ከድኝ ጋር የማብሰሉ ዘዴ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ቻርልስ ጉድይር በ1844 እ.ኤ.አ. አስመዘገበው።

እንግዲህ ወደ ጣና ዳር እንመለስ። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተቋቋመ። ካሣው የደም ዋጋ ነው፤ ከዚያ የወጣውን አንሶላና ጨርቅ ስንቶቻችን ይህን አስበን ነካነው? በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ የጨርቃ ጨርቅ ሙያም ይሰጥበት ጀመር።

ጨርቅ ግን ገና ልብስ አይደለም። ልብስ የሚሆነው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን በዘረጋው ልብስ ሰፊ እጅ ነው። ዳንቴሉን እየሸበሸበ ከቀሚሱ ጫፍ ያያይዛል። ላስቲኩን ከወገቡ ልክ አሳጥሮ ይቆርጥና ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክቶ በታጠፈው ወገብ ውስጥ ያሾልከዋል፤ ሁለቱን ጫፍ ሰፍቶ ሲለቀው ጨርቁ ይሰበሰባል። ቀድሞ ይህን የምትሠራው መቀነት ነበረች። እናቶቻችን ግን መቀነታቸውን አልጣሉም፤ እውነት አላቸው! ላስቲክ ወገብ ያጠብቃል እንጂ ገንዘብ አይቋጥርም።

ዛሬ ጥለቱ ራሱ በመኪና ታትሞ ከውጭ ይመጣል። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው፤ ዋጋውም ይረክሳል። የላፍቦሮ ጥያቄ እኛም ደጅ ደረሰ ማለት ነው። ከመኪና ጋር ጠብ የለንም፤ መኪና መስበርም ማንንም አላዳነም። የምንለው ሌላ ነው፦ ሸማኔውን ትናንት በስድብ አሳነስነው፤ ዛሬ ደግሞ ዋጋ በመንፈግ ከመጠበቢያው ጉድጓድ ካስወጣነው፣ «ጥበብ» የሚለው ቃል ብቻውን ይቀርና ጠቢቡ ይጠፋል። ታሪክ የምንማር ሰዎች ይህን አይተን ዝም ካልን፣ ስለ ካባው ብቻ ከጻፉት በምን ተሻልን?