የቫኪዩም ዘር መዝሪያና የፍሬዎች ርቀት

የቫኪዩም ዘር መዝሪያ በአየር ስበት ፍሬን አንድ በአንድ ለይቶ፣ በተመጠነ ርቀት በመስመር የሚዘራ የእርሻ መሣሪያ ነው። በትራክተር እየተጎተተ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ሱፍና ጥጥ ለመዝራት ያገለግላል።

አሠራር፦ ማራገቢያው ቀዳዳዎች ካሉት ተሽከርካሪ ዲስክ በስተጀርባ አየር ይስባል፤ በፊት ለፊት ያለው ፍሬ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። ትርፉን ፍሬ ነጣይ የተባለው ክፍል ያራግፈዋል። ስበቱ በሚቋረጥበት ቦታ ፍሬው ተለቆ በዘር ቧንቧ ወደ ትልሙ ይወርዳል።

ስሌት፦ በአሜሪካ የአይዋና የኢሊኖይ በቆሎ አብቃዮች በመስመሮች መካከል አብዛኛውን ጊዜ 76 ሳንቲ ሜትር ይተዋሉ። በሄክታር 80,000 ያህል ፍሬ ለመዝራት በፍሬዎቹ መካከል 16.5 ሳንቲ ሜትር መኖር አለበት። ትራክተሩ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ ከ13 በላይ ፍሬ ይወድቃል ማለት ነው።

የስህተት ምንጮች፦ ስበቱ ሲደክም ወይም የዲስኩ ቀዳዳ ለፍሬው ሲጠብ ቀዳዳው ባዶውን ያልፋል፤ መሬቱም ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ስበቱ ሲበረታ ወይም ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ሁለት ፍሬ አብሮ ይወርዳል። ያረጀ የአየር ማሸጊያ ስበቱን ያባክናል። በመድኃኒት የታሸ ዘር ስለሚጣበቅ ታልክ ወይም ግራፋይት ይደባለቅበታል። ዲስኩ በትክክል ቢለይም እንኳ ፍጥነት ሲበዛ መሣሪያው ይነጥራል፤ ፍሬውም ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተላተመ ከቦታው ይስታል። ስበቱ ሲደክምም ሆነ ሲበረታ ስህተት ስለሚፈጠር፣ በስበት መለኪያው (ጌጅ) ላይ የሚስተካከለው ዲስኩ ዘር ይዞ እየዞረ ሲሆን፣ መነሻው የአምራቹ መመሪያ ነው።

መመዘኛ፦ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው አይኤስኦ 7256-1 መሠረት፣ ከታቀደው ርቀት ግማሽ ያነሰ ክፍተት እንደ ድርብ፣ ከአንድ ተኩል እጥፍ የበለጠው እንደ ዝላይ ይቆጠራል። በ16.5 ሳንቲ ሜትር ዕቅድ ከ8.3 በታች ያለው ድርብ፣ ከ24.8 በላይ ያለው ዝላይ ነው።

ፍተሻ፦ ጥቂት ሜትር ከተዘራ በኋላ ቆም ብሎ አፈሩን በጥንቃቄ ገለጥ ማድረግና ከፍሬ እስከ ፍሬ በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ሥራው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ይደገማል፤ አንዱ መስመር መስተካከሉ ለሌላው ዋስትና አይሆንምና። የካቢኑ ማሳያ የሚቆጥረው በቧንቧው ያለፈውን ፍሬ ነው፤ ፍሬው ያረፈበትን ቦታ የሚያሳየው ግን የተገለጠው ትልም ብቻ ነው።