የትምህርት ዋጋ በጣና ዳር

ልጅን ማስተማር ወጪ የሚጠይቀው በእኛ ዘመን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የባሕር ዳርንና የጣና ዳርን አገር ታሪክ ስንመለከት፥ ትምህርት ያለ ወጪ የተገኘበት ጊዜ አልነበረም፤ የተለዋወጠው ከፋዩ ነው።

ቀድሞ በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት፥ በየደብሩም ግቢ፥ ልጆች ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ወላጅ ለየኔታ እህል ቢያመጣም ትልቁ ወጪው የልጁ ጉልበት ነበር፤ የሚማር ልጅ ከብት አይጠብቅም፥ እርሻም አያግዝም። ስለዚህ አባቱ አልለቅም ያለው ልጅ ሌሊት ጠፍቶ ይሄድ ነበር። ለቅኔ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም ይጓዛል። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲለምን፥ የማያውቀው ገበሬ ከእንጀራው ይቈርስለታል። የዘለቀውም ተማሪ ጀማሪውን ያለ ዋጋ ያስጠናዋል። እንግዲህ ያን ልጅ ያስተማረው የባዕድ መንደር ነው። ይህ በጎነት ግን፥ ከጥቂቶች በቀር፥ ለሴት ልጅ አልደረሰም።

በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ የትምህርት ግብር ሲጣል ከፋዩ ባለ መሬቱ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ደግሞ የሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነበረበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን የመንግሥት ትምህርት ያለ ክፍያ አደረገ።

ሆኖም ደብተሩ፥ ዩኒፎርሙ፥ ከሁሉም ይልቅ የአስጠኚው ክፍያ በየቤቱ ቀርቷል። የ8ኛ ክፍል ፈተና በደረሰብን ዓመት አባታችን አስጠኚ መቅጠር የቻለው ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እኔ ተመረጥሁ። እኅቴ ማታ ማታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እኔ አለፍሁ፤ እርስዋ ዓመቱን ደገመች።

የቀድሞው መንደር የሰውን ልጅ አስተማረ፤ ዛሬ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ልጅ ብቻ ያስጠናል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ገንዘብ ባይኖረን የዘለቀ ተማሪ ግን በየክፍላችን አለ። ከትምህርት በኋላ አንዲት ሰዓት ለታናናሾቻችን ብንሰጥ፥ በአኩፋዳው የተቀበልነውን ብድር በጥቂቱ እንመልሳለን። እኔም ከእኅቴ ጀምሬአለሁ።