የፈረሰኛው መቶ አንድ ዓመት

ከከሰላ ወደ አቆርዳት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በተራሮች መካከል የተቀረቀረች ኬሩ የምትባል ጠባብ በር አለች። ጥር 13 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ ከሱዳን ገስግሶ የመጣው የእንግሊዝና የህንድ ጦር በዚያ ሠፍሮ ሳለ ያልጠበቀው የፈረስ ኮቴ ድምፅ ሰማ። መድፈኞቹ ዘወር ሲሉ ያዩት፣ ጎራዴ የመዘዙና የእጅ ቦምብ የጨበጡ ፈረሰኞች እየጋለቡ ሲመጡባቸው ነበር። የመድፎቹ አፈሙዝ ዝቅ ተደርጎ ከቅርብ ተተኮሰ። ፈረሰኞቹ ያን ያህል መሥዋዕትነት የከፈሉት በማፈግፈግ ላይ ለነበረው የኢጣሊያ ጦር የአንድ ቀን ፋታ ለማስገኘት ነው። በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ የመራቸው የመቶ አለቃ አሜዴኦ ጊሌት ይባላል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጊሌት በ1909 በፒያቼንሳ ከተማ፣ ውትድርናን በውርስ ከያዘ የመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ለአገሩ በፈረስ ግልቢያ እንዲወዳደር ተመርጦ ሳለ፣ ውድድሩን ትቶ ኢትዮጵያን ሊወጋ ዘመተ። በታኅሣሥ 1935 በትግራይ ሰለኽለኻ ላይ ግራ እጁን ቆሰለ። ያ ዘመቻ ምን እንደነበረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም፤ በዚያው ወር በተከዜ ሸለቆ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወርዷል። ከዚያም በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ከፍራንኮ ወገን ተሰልፎ ተዋጋና ወደ አፍሪካ ተመለሰ።

ታሪኩ እኛን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን፣ «የአማራ ባንዳ» የተባለውን ፈረሰኛ ቡድን እንዲያዝ ሾመው። ባንዳ በጣሊያንኛ ከመደበኛው ጦር ውጭ ከአገሬው ተወላጅ የተመለመለ ጭፍራ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ቃሉ ከውትድርና መዝገብ ወጥቶ፣ በሰው ላይ ሊወረወር ከሚችል ስድብ ሁሉ የከፋው ሆኖ ቀርቷል። ከጊሌት ኋላ ያሉት የበታች ሹማምንት ኤርትራውያን፣ ፈረሰኞቹ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የመጡ፣ ከእግረኞቹም ብዙዎቹ የመናውያን ነበሩ። በ1939 ይኸው ጭፍራ አርበኞችን ወግቷል። ስለዚህ በአውሮፓ መጻሕፍት እንደ ተረት ጀግና የሚተረክለትን ሰው፣ እኛም በዚያው ዓይን እንድናየው መጠበቅ አይገባም።

በሚያዝያ 1941 አሥመራ በእንግሊዞች ስትያዝ ጊሌት እጁን አልሰጠም። የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ የአገር ልብስ ለብሶ፣ መቶ ከሚሆኑ ታማኞቹ ጋር በኤርትራ ሸፈተ። ለወራትም በእንግሊዞች የአቅርቦት መሥመር ላይ አደጋ ሲጥል ቆየ። ከጎኑ ያልተለየችው ኸዲጃ የምትባል የባላባት ልጅ ነበረች። በኢጣሊያ አገር ደግሞ ቤያትሪቼ ጋንዶልፎ የምትባል እጮኛው ትጠብቀው ነበር። ኢጣሊያ በ1937 ባወጣችው ሕግ መሠረት አንድ ኢጣሊያዊ ከቅኝ ግዛት ተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእሥራት ይቀጣል። ሰውዬው ሕይወቱን የሰጠው መንግሥት የከለከለውን ነገር በገሃድ ሲያደርግ ኖረ ማለት ነው። ታማኝነቱ ለማን እንደነበረ መመርመር የሚያሻው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ለፋሽስቱ ሕግ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ለኸዲጃም ቢሆን ዘላቂ አልሆነም።

በኋላ አህመድ አብደላ የሚል ስም ይዞ፣ የመናዊ የቀን ሠራተኛ መስሎ፣ በምፅዋ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻገረ። በየመን ቢታሠርም፣ የኢማም ያህያን ሞገስ አግኝቶ የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች ጠባቂ ሆነ። በ1943 በቀይ መስቀል መርከብ ተሸሽጎ አገሩ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ቤያትሪቼን አገባ። ያቺ ሴት ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው በሕይወት መኖሩን እንኳ እርግጠኛ ሳትሆን ነው። የዚህ ታሪክ ጽናት የማን ነው ቢባል፣ እኔ የምመሰክረው ለእርሷ ነው።

የቀረውን ዘመኑን በዲፕሎማትነት አሳለፈ፤ በዮርዳኖስ፣ በሞሮኮና በሕንድ አምባሳደር ሆነ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም አፈራ። ጡረታ ሲወጣ ከቤያትሪቼ ጋር በአየርላንድ ገጠር ተቀመጠ፤ እዚያም ፈረስ መጋለቡን አልተወም። ሚስቱ በ1990 አረፈች። በ2000፣ ዘጠና አንድ ዓመት ሆኖት፣ ኤርትራን ዳግመኛ ጎበኘ፤ በዚያው ዓመት ከአገሩ መንግሥት ከፍተኛውን የወታደር ኒሻን ተቀበለ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ሮም ላይ ሲሞት ታላላቆቹ የአውሮፓ ጋዜጦች ሰፊ የሐዘን ጽሑፍ አወጡለት።

በኬሩ ከጥቂት ፈረሰኞች ጋር በታንኮች ላይ ጋልቦ የሞተው ምክትሉ ሬናቶ ቶኒ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጥቶታል። አብረውት የወደቁት ሰዎች በኢጣሊያ ታሪክ ውስጥ «አስካሪዎቹ» ተብለው በአንድ ቃል ይጠቀሳሉ፤ በእኛም ታሪክ ውስጥ እንዲሁ በአንድ ቃል፣ ያውም በዚያ በከፋው ቃል። ከእነርሱ መካከል በትውልድ መንደሩ ሚስትና ልጆች የሚጠብቁት አልነበረም ማለት አይቻልም።