ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ ደም ቀድሞ የሚናገረው

የተተከለ ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር ባለቤቱን እምብዛም አያሳምመውም። ከለጋሹ ሲወጣ ነርቮቹ ስለሚቆረጡ ሕመሙ ላይሰማ ይችላል፤ ሽንት እስኪቀንስ ወይም እግር እስኪያብጥ ከተጠበቀ ደግሞ ጉዳቱ ሩቅ ሄዷል። ከእህት ወይም ከወንድም የተገኘ፣ ዳግም በቀላሉ የማይተካ አካል በመሆኑ ሐኪሞች ችግሩን ቀድመው ለማወቅ በደም ውስጥ የሚገኙ ጠቋሚዎችን ይከታተላሉ።

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕክምና በአዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም ተጀምሯል። ተቀባዩ ከሕክምናው በኋላ የሰውነቱን በሽታ የመከላከል ኃይል የሚገቱ መድኃኒቶችን ያለማቋረጥ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲያንስ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል፤ ሲበዛ ለተላላፊ በሽታ ያጋልጠዋል።

የመጀመሪያውና በብዙ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ምርመራ ክሪያቲኒን ነው። ይህ ጡንቻ በየዕለቱ የሚያመነጨው፣ ኩላሊትም የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ነገር ከታማሚው ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ማነጻጸሩ ነው። 1.1 የለመደ ሰው 1.5 ካሳየ፣ በሌላ ሰው ላይ ብዙ የማያስደነግጠው ቁጥር ለእርሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ጾም በተፈታ ማግስት እንደሚሆነው፣ በምርመራው ዋዜማ ወጥ ወይም ጥብስ አብዝቶ የበላ ሰው ውጤቱ ለጊዜው ከፍ ሊል ስለሚችል ለሐኪሙ መንገሩ ይበጃል።

የክሪያቲኒን ትልቁ ድክመት ዘግይቶ መጨመሩ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን አለመናገሩ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን ሲያጠቃው ክሪያቲኒን ይጨምራል። ቢ ኬ የተባለው ቫይረስ ኩላሊቱን ሲያቆስለውም እንዲሁ ይጨምራል። ይህን ቫይረስ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፤ በሽታ ሳያስከትል በኩላሊትና በሽንት ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የመከላከል ኃይል ሲዳከም ግን ይነቃል። የሁለቱ ሕክምና ፍጹም ተቃራኒ ነው። ለመጀመሪያው የመከላከል ኃይልን የሚገታው መድኃኒት ይጠነክራል፤ ለሁለተኛው ይቀነሳል። አንዱ በሌላው ከተሳተ ኩላሊቱ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህም ነው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቫይረሱ በየጊዜው በደም ውስጥ የሚፈለገው፤ አስቀድሞ በደም ከተገኘ ኩላሊቱ ሳይጎዳ መድኃኒቱን መቀነስ ይቻላል። በሌላ በኩል በለጋሹ ኅብረ ሕዋስ ላይ ያነጣጠሩ ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ መታየታቸው ሰውነት ኩላሊቱን ለማጥቃት መነሳቱን ያመለክታል። እነዚህ ክሪያቲኒን ከመጨመሩ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ሊታዩ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን በሚያቋርጡ ሰዎች ላይ በብዛት ይከሰታሉ።

አዲሱ ምርመራ የለጋሹን ዲ ኤን ኤ በተቀባዩ ደም ውስጥ ይለካል። የኩላሊቱ ሕዋሳት ሲሞቱ የዲ ኤን ኤ ስብርባሪ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ከጠቅላላው የለጋሹ ድርሻ ከ1 በመቶ በላይ ሲሆን ጉዳት እንዳለ ይጠረጠራል። ውድ ከመሆኑም በላይ የጉዳቱን መንስኤ ለይቶ አይናገርም፤ ለዚያ ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ አሁንም አስፈላጊ ነው። ለተመሳሳይ መንታዎች ደግሞ አይሠራም፤ ዲ ኤን ኤአቸው አንድ ነውና። እ.ኤ.አ በ1954 በቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሪ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉት በእንዲህ ያሉ መንታዎች መካከል ነበር፤ የተሳካውም የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ስላላየው ነው።

ከሁሉም ይልቅ በታማሚው እጅ ያለው የታክሮሊመስ መድኃኒት መጠን ምርመራ ነው። ደሙ መወሰድ ያለበት የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ከሩቅ ወረዳ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ኪኒኑን ውጦ ከደረሰ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይልና መድኃኒቱ ያለአግባብ ሊቀነስበት ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑን ይዞ መጥቶ፣ ደም ከሰጠ በኋላ መዋጥ ይኖርበታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚታዘዘው ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን በእጅጉ ያወርዳል፤ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ለወገብ ሕመም የሚገዛው ዳይክሎፌናክም በቀጥታ ኩላሊቱን ይጎዳል። በአካባቢው ጤና ጣቢያም ሆነ በመድኃኒት ቤት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት «ኩላሊት ተተክሎልኛል» ማለት ያስፈልጋል።